ወንድ ዓሣ ነባሪ በወረታ

የሰባ አምስቱን ክረምት ፎገራ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ያልነበረ እኔን ይጠይቅ። ርብ ከአፋፉ ወጣ፣ ጉማራ ከወዲያ ማዶ ተቀበለው፣ ሜዳው በሙሉ ጣና ሆኖ አደረ። አምባዛ በየደጁ እየገባ ከዶሮ ጋር ጥሬ ሲሻማ በዓይኔ አይቻለሁ። ናበጋ ላይ የአንድ ገበሬ በሬዎች እንደተጠመዱ ውኃ ወሰዳቸውና በሦስተኛው ቀን ዋኝተው ሲመለሱ፣ የሄዱበትን መንገድ ሁሉ አርሰውት ነው የመጡት አሉ። ይኼን እንኳ አላየሁም፤ የበሬዎቹን ድካም ግን አይቻለሁ።

ዶክተር አበረ ወረታ ላይ የቀረው በዚሁ ውኃ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎንደር ላይ ለመምህራን ትምህርት ሊሰጥ ሲሄድ፣ ላንድሮቨሩ ርብ ድልድይ ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ እስከ በሩ ገባ። በስምንት በሬ ስበን ስናወጣው ዶክተሩ ስለ መኪናው አንድም ቃል አልተናገረም። ከኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እነሱን እንደ መንታ ሕፃን ታቅፎ በእግሩ ከተማ ገባ።

እኔ ያን ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርሁ። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርሁ ስምንተኛ እንደጨረስሁ ተቆጥሮልኝ ነው የተመረጥሁት። እንግዳ ሲገባ መመዝገብ ሥራዬ ነውና የታቀፈው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የጥንት ዓሣ ነባሪ መንጋጋ ነው አለኝ። ዋናዎቹ ከግብፅ በረሃ የወጡ አጥንቶች ሆነው በውጭ አገር ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል፤ እነዚህ በጄሶ የተቀረጹ ግልባጮች ናቸው። ይኼን ሲነግረኝ ትንሽ አፈረ። እኔ ግን በእኛ ቢሮ ግልባጭ ከዋናው አያንስም ብዬ አጽናናሁትና መዝገቡ ላይ "አንድ ዶክተር ከሁለት መንጋጋ ጋር" ብዬ ጻፍሁ።

መዝገቡን የሚያነበው የከተማችን ካድሬ ጓድ አያልነህ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ስድስት ወር ሠልጥኖ መጥቷል፤ በስድስት ወር ውስጥ ሳይብራራለት የቀረ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ዝናብ ሲዘንብ የዝናቡን የመደብ አቋም የሚነግረን እሱ ነበር። ሰፊው ሕዝብ መሃይምነትን እየተዋጋ ባለበት ሰዓት ምሁር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም አለና፣ ሐሙስ በውይይት ክበቡ ላይ ዶክተሩ መንጋጋዎቹን ይዞ እንዲያስተምር አዘዘ።

ሐሙስ ዕለት ሕዝቡ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ተሰበሰበ። ሩዝ የሚባለው እህል ገና አገራችን መግባቱ ነበርና በሩዝ ዘር ከረጢቶች ላይ ተቀመጥን፤ ለሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ዶክተሩ ጥሩ አድርጎ አስተማረ። የዛሬ አርባ ሚሊዮን ዓመት ግድም ዓሣ ነባሪ አራት እግር እንደነበረው፣ ቀን ባሕር ውስጥ ሲያድን ውሎ ለማረፍ ወደ የብስ ይወጣ እንደነበር ነገረን። አንድ ቄስ፣ ዮናስን የዋጠው ከሁለቱ መንጋጋዎች የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ዶክተሩ የዚያኛው የሩቅ ዘመዶች ናቸው ብሎ በሰላም አለፈ። ከዚያ መንጋጋዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከአንድ ዓለት የወጡ ናቸው አለ። የአንዱ ክራንቻ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ የሌላው ከሌባ ጣት አይበልጥም። ስለዚህ የእሱ መምህሮች ሁለት የተለያዩ ዘሮች ናቸው ብለው ሁለት ስም አውጥተውላቸዋል።

ጓድ አያልነህ ይኼን ሲሰማ መቀመጥ አልቻለም። ብድግ ብሎ ትምህርቱን አጠቃለለልን። ባለ ትልቅ ክራንቻው በዝባዥ፣ ባለ ትንሽ ክራንቻው ተበዝባዥ ነው፤ ዶክተሩ ሁለት ዘር ያለው ሁለት መደብ ለማለት ነው፤ ጭቆና ከአርባ ሚሊዮን ዓመት በፊት ውኃ ውስጥ እንኳ ነበረ። ዶክተሩን ሳል ያዘው። እኛ አጨበጨብን። ጥያቄ ያለው ካለ ሲባል ጋሽ ደሳለው ተነሡ።

ጋሽ ደሳለው ከወረታ እስከ አንበሳሜ ገበያ የጋማ ከብት ጥርስ በማየት የታወቁ ሰው ናቸው። ፈረስ ሆነ በቅሎ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳያስጠራ አይገዛም። አፍ ከፍተው፣ በጣታቸው ዳብሰው፣ ዕድሜውንና ጠባዩን ይናገራሉ፤ ከዚያ የከብቱን አፍ ገጥመው አንገቱን መታ ያደርጋሉ። አንገቱ ከተመታ በኋላ ያንን አፍ ዳግመኛ የሚከፍት ሰው የለም። ሻጩም ገዢውም በሳቸው ቃል ያድራል።

ጋሽ ደሳለው ወደ ጠረጴዛው ሄደው ጣታቸውን መንጋጋዎቹ ውስጥ ከተቱ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ዳበሱ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞር ብለው፣

"ልጄ፣ ዘራቸው አንድ ነው" አሉት። "ማኘኪያ ጥርሳቸውን እየው፣ እኩል ነው። ሁለት ዘር ቢሆኑ እሱም ይለያይ ነበር። የሚበሉት አንድ ነው፤ የተለየው የሚጣሉበት ብቻ ነው። ይኼ ወንድ ነው፣ ይቺ ሴት ናት።"

ይኼን ብለው ሁለቱንም ጄሶዎች መታ መታ አደረጓቸው።

ሕዝቡ ሳቀ፤ መንጋጋዎቹም ባልና ሚስት ከሆኑ በኋላ የበለጠ ሰው መሰሉን። ጓድ አያልነህ ግን አልሳቀም።

"በዝባዥና ተበዝባዥ የሚበሉት እኩል ነው እያሉ ነው?" አላቸው።

"የሌላውን አላውቅም" አሉ ጋሽ ደሳለው። "እነዚህ ሁለቱ እኩል በልተዋል።"

ያንኑ ዕለት ታሰሩ። የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ ድንች የሚቀመጥባት ክፍል ናት፤ ዘበኛው ማረው ደግሞ ጥይት የሌለው ምንሽር ተሸክሞ የሚዞር ደግ ሰው ነው። ክሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ "የዓሣ ነባሪን ጥርስ በሚመለከት በሰፊው ሕዝብ መካከል አፍራሽ አስተያየት ስለመሰንዘር።" ጓድ አያልነህ እንኳ ጨካኝ አልነበረም። በማግስቱ ራሱ ሄዶ፣ ሕዝብ ፊት ወጥተው ግለ ሂስ ቢያደርጉ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሁለት መደብ ናቸው ቢሉ እንደሚለቃቸው ነገራቸው። ጋሽ ደሳለው አመስግነው እምቢ አሉ። እሱም ስልክ ቤት ሄዶ ለአውራጃው፣ አንድ አድኃሪ በቁጥጥር ሥር ውሏል፣ መኪና መግባት ሲችል እንልካለን ብሎ ሪፖርት አደረገ። አውራጃው መዘገበ። አውራጃ ከተላከ ሰው ደግሞ ሲመለስ ያየነው ጥቂት ነው፤ የተመለሰውም ስለዚያ አያወራም።

የጋሽ ደሳለው ሚስት እትዬ ታይቱ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ስብሰባ ላይ እንቅልፍ የማይወስዳቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው የተመረጡት። ምሳ ይዘው ሲመጡ እኔ ደጅ ላይ ነበርሁ፤ ጸሐፊ ስለሆንሁ ያዳመጥሁት በሥራ ነው።

"ተሳስቻለሁ በላቸው" አሉ እትዬ ታይቱ። "ምን ይጎዳሃል? ዓሣው እንደሆነ ሞቷል።"

"ዓሣው ሞቷል፤ እኔ ገና ገበያ እወጣለሁ። ጥርስ አይቼ የተናገርሁትን አንድ ቀን ከመለስሁ፣ ከዚያ ወዲያ የየትኛዋን በቅሎ አፍ ነው የሚያስከፍቱኝ?"

"አውራጃ ከወሰዱህ ደግሞ በቅሎዋንም ገበያውንም አታያትም።"

"አላያትም" አሉ ጋሽ ደሳለው፣ በቀስታ።

እትዬ ታይቱ ሰፌዳቸውን አንሥተው ወጡ። ሲያልፉ ፊታቸውን አየሁት። ከዚያ ቀን በፊት ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የያዝሁት።

ከዚያ በኋላ ወረታ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ውኃው እንዲጎድል ይለምናል፣ ግማሹ እንዳይጎድል። ማረው መንገዱ ዳር ምልክት ያለበት ቀርቀሃ ተክሎ በየማለዳው ውኃውን ይለካና ለጓድ አያልነህ ያሳውቃል። እኔም ከማረው ቀድሜ እየተነሣሁ ቀርቀሃውን እየነቀልሁ አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ እተክለው ነበር። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ወጥታ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ከብት ሜዳው ላይ እየጋጠ፣ የማረው ሪፖርት ውኃው እስከ ወገብ ነው ይል ነበር። ጓድ አያልነህ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ ሪፖርቱን ያያል፣ ሪፖርቱን ያምናል።

ግን ይኼ እስከ መቼ ይሆናል? ስለዚህ ሌላ መላ መታሁ። ጓድ አያልነህን ጠጋ ብዬ፣ ሕዝቡ በየጠላ ቤቱ ጋሽ ደሳለው ልክ ናቸው እያለ እንደሆነ፣ ሰውዬው እንዲሁ ከተላኩ ወሬው እንደማይሞት፣ ሳይንሳዊ ሙከራ ተደርጎ ሕዝብ ፊት ቢወድቁ ግን ወሬውም እሳቸውም አብረው እንደሚያልቁ ነገርሁት። ሳይንሳዊ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ዓይኑ በራ።

ሙከራው እንዲህ ነበር። የሩዝ ዘር የምንሸፍንበትን ትልቅ ሸራ መጋዘኑ ፊት ወጠርነው፤ አሥር ቀዳዳ ቀደድንበት። ከሸራው በስተጀርባ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ቆሙ፤ በየቀዳዳው አፋቸው ብቻ ወጣ። ጋሽ ደሳለው ዓይናቸው በሻሽ ታሥሮ በጣታቸው ብቻ ወንድና ሴቱን ሊለዩ ነው። ጓድ አያልነህ ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። ከጋማ ከብት ክራንቻ የሚያበቅለው ወንዱ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ክራንቻ ያበቀለች ባዝራ ትገኝ እንደሆነ ሲያጠያይቅ ሰንብቶ፣ አንዲት ቀይ ባዝራ ከነውርንጭላዋ ከሩቅ አስመጥቶ አሥረኛው ቀዳዳ ላይ አቁሟት ነበር። ይኼን ያወቅሁት ሙከራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጋሽ ደሳለው ጀመሩ። አንደኛ፣ ወንድ። ሁለተኛ፣ ሴት። ሦስተኛ፣ ወንድ፣ የተቀጠቀጠ። ሕዝቡ በየቃላቸው ሸራውን ገለጥ አድርጎ እያየ ያጉረመርማል። ስምንተኛው ቀዳዳ ላይ እኔ ከሸራው ኋላ ገብቼ፣ የቆመችውን አህያ ወደ ጎን ገፍቼ የዶክተሩን ትንሿን መንጋጋ ደግኜ ያዝሁ። ጋሽ ደሳለው ዳበሱ፣ ቆም አሉ፣ እንደገና ዳበሱ።

"ይቺ ሴት ናት" አሉ። "ከሞተች ግን ቆይታለች።"

ሳቁ ሲበርድ እኔ ወደ ፊት ወጣሁ፤ እሳቸው ዘጠነኛውንም በትክክል ተናገሩ። አሥረኛው ላይ ደረሱ። ጣታቸው ባዝራዋ አፍ ውስጥ ገብቶ ክራንቻው ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ። ጓድ አያልነህ እጁን አጣምሮ ፈገግ አለ። እትዬ ታይቱ ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ጋሽ ደሳለው ቀኙን ዳበሱ። ግራውን ዳበሱ። ረጅም ጊዜ ሆነ።

"ክራንቻ አላት" አሉ በመጨረሻ።

"ስለዚህ?" አለ ጓድ አያልነህ።

"ስለዚህ ሴት ናት። ሴትም አንዳንዷ ታበቅላለች። ወንዱ ያበቀለው ጣትን ይይዛል፤ የሷ ግን ከስንዴ ቅንጣት አያልፍም። እኔ የምዳብሰው መኖር አለመኖሩን አይደለም፣ መጠኑን ነው።"

አንገቷን በሸራው ላይ መታ አደረጉ። ሸራው ሲገለጥ ውርንጭላዋ ሆዷ ሥር ገብቶ እየጠባ ነበር።

ዶክተር አበረ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እየጻፈ ነበር። የእኔ መምህሮች ይኼን ሃያ ዓመት ሲከራከሩበት አንድም ቀን ባዝራ አፍ ውስጥ ጣታቸውን አልከተቱም አለኝ። ጮክ ብሎ ግን አልተናገረም። ጋሽ ደሳለው የታሰሩት ጥርስ አይተው በመናገራቸው እንደሆነ እሱም አልረሳም ነበር።

ጓድ አያልነህ ሕዝቡን አየ፣ ባዝራዋን አየ። ከዚያ፣ ሙከራው የከብት ጥርስን እንጂ የፖለቲካ ጥፋትን እንደማይመለከት፣ አውራጃውም አንድ አድኃሪ መዝግቦ እየጠበቀ ስለሆነ ቁጥሩ ሊጎድል እንደማይችል ተናገረ። ያን ጊዜ እትዬ ታይቱ በሴቶች ማኅበር ስም ጥያቄ አለኝ አሉ።

"ዶክተር፣ ወንዱ ዓሣ ነባሪ ያን የሚያህል ክራንቻ ምን ሊያደርግበት ነው?"

ዶክተሩ፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር ይጣላበታል፣ ያሸነፈው ሴቶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል ተብሎ ይገመታል አለ።

"እነሱን ጠይቆ ነው የሚሰበስባቸው?"

"እ... አይመስለኝም።"

እትዬ ታይቱ ወደ ጓድ አያልነህ ዞሩ። እንዲህ ያለ የለሰለሰ ድምፅ እንዳላቸው ባላቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ባለ ትልቅ ክራንቻው ጨቋኝ ነው ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ጓድ አያልነህ ነው አሉ፤ ዶክተሩ እንኳ አላወቀውም ነበር። የደሳለው ሥራ ጨቋኙ ወንድ፣ ተጨቋኟ ሴት መሆኗን መዳበስ ብቻ ነው። የሴቶች ማኅበር ይኼን ጭቆና ላጋለጠው ጓድ ምስጋና እንዲጻፍለት ይጠይቃል።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጓድ አያልነህ ቀስ እያለ ቁመቱ ሲጨምር አየሁት። ልክ ነው አለ፣ እኔም ያልሁት ይኼንኑ ነው። ከዚያ ለማጠቃለል ያህል ወደ ጋሽ ደሳለው ዞሮ፣ ወንዱ ሴቷን ይጨቁን እንደነበር ጥርሱ ላይ አይተው እንደሆነ እንዲመሰክሩ ጠየቃቸው።

"እኔ የማየው ጥርስ ነው" አሉ ጋሽ ደሳለው፣ ሻሹን ከዓይናቸው እየፈቱ። "ትዳራቸውን አላየሁም።"

እትዬ ታይቱ እጃቸውን ይዘው በፍጥነት አስቀመጧቸው፤ ደክሞት ነው አሉ።

የቀረው የአውራጃው ቁጥር ነው። ጓድ አያልነህ ቢሮ ገብቶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አንድ አድኃሪ ብያለሁ፣ ምን ላድርግ? አለኝ። እኔም፣ ጓድ፣ ጨቋኙ ተለይቷል እኮ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው አልሁት። መጀመሪያ የሚመታኝ መስሎኝ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር። እሱ ግን ብዙ አሰበ። ሪፖርቱ ላይ አንድ አድኃሪ ይላል እንጂ ሙሉ ሰው አይልም አለ። የመሸኛውን ወረቀት ጻፍሁ፤ ጾታ፣ ወንድ፤ የመደብ ሁኔታ፣ ጨቋኝ፤ የትውልድ ቦታ፣ ግብፅ። ጓድ አያልነህ ፈረመ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት።

ዶክተሩ ስነግረው ትልቁን መንጋጋ አቀፈው። ከዚያ አንድ ጊዜ በጣቱ ክራንቻውን ለካው፣ ቁጥሩን ጻፈው፣ ሰጠኝ። በማግስቱ ቀርቀሃውን ወደ ቦታው መለስሁት፤ መንገዱ ተከፈተ። ማረው፣ እስረኛ ሳይታሰር አይጫንም ብሎ መንጋጋውን በጠፍር አስሮ ከአውራጃው መኪና ላይ ጫነው፣ ምንሽሩን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ዶክተሩ ሴቷን መንጋጋ ይዞ ወደ ጎንደር ሄደ። ጋሽ ደሳለው ከእትዬ ታይቱ ኋላ ኋላ እየተራመዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማረው በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ ይዞ ተመለሰ። "አንድ አድኃሪ፣ አካሉ ያልተሟላ፣ ተረክበናል" ይላል። ጉዳዩ አለቀ ስንል በወሩ ደብዳቤ መጣ። እስረኛው ለተጠየቀው ሁሉ ዝምታን መርጧል፤ ምርመራው ግን ይቀጥላል፤ ፋይሉ ላይ ዕድሜ ስላልተሞላ በአስቸኳይ ይገለጽልን። እኔ አርባ ሚሊዮን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው።

ጓድ አያልነህ ደብዳቤውን ይዞ በእግሩ እስከ ጋሽ ደሳለው አጥር ድረስ ሄደ። እኔም ተከተልሁት። ጋሽ ደሳለው አጥሩን እየጠገኑ ነበር። ጓድ አያልነህ ቆቡን አወለቀና፣

"አባቴ፣ የዚያ የወንዱ ዓሣ ነባሪ ዕድሜ ስንት ይሆናል ብለው ይገምታሉ?" አላቸው።

ጋሽ ደሳለው ሥራቸውን አልተዉም።

"በግምት አልናገርም፤ ያን ዕለት የዳበስሁት ለወንድና ለሴትነቱ ነው" አሉት። "ዕድሜ ከተፈለገ አስመጣልኝና አፉን ልየው።"

ለአውራጃው ይኼንኑ ጻፍን። አውራጃው፣ ምርመራው ያላለቀ እስረኛ ከግቢ አይወጣም ብሎ መለሰ።